«አገር ማቅናት» እና «ባዶ መሬት»፤ የተርነር አሳብ ከእኛ አገር ሲመረመር

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የዓለም ታሪክ በምንማርበት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል ነበረ። በሸራ የተሸፈነ ጋሪ በበሬዎች ይጎተታል፤ ሴትዮዋ ሕፃን ታቅፋ ከጋሪው ላይ ተቀምጣለች፤ ባልየው ጠመንጃ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ከእነርሱ ወዲያ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ የሚታየው ሣር ብቻ ነው። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ቃል ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ነው የሚል ነበር። እኔ የደነባ ልጅ ስለሆንሁ በሬውም ሣሩም ባዕድ አልሆነብኝም። ያስገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም እረኛ የሌለበት ይህን ያህል ሣር ከዚያ በፊት አይቼ አለማወቄ ነው።

ይህ የልጅነት መገረም ዘንድሮ በኮሌጃችን የአሜሪካን ታሪክ ስንማር የፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነርን ጽሑፍ ባነበብሁ ጊዜ ተመለሰብኝ። ከትምህርቱ በኋላ በተደረገው የተማሪዎች ውይይት ላይ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ኢትዮጵያም በቆላው በኩል ሰፊ ባዶ መሬት ስላላት አሜሪካኖች እንዳደረጉት ብናቀናው ድኽነትም ሥራ ፈትነትም ይቀንሳል የሚል አሳብ አቀረቡ። አሳቡ ለአገር ከማሰብ የመነጨ ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ሊመረመር ግን ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድሜ የተርነርን አሳብ አቀርባለሁ፤ ቀጥሎ እውነትነቱንና ጉድለቱን አመለክታለሁ፤ በመጨረሻም በአገራችን በተለይ በአዋሽ ሸለቆ ከሆነው ነገር ጋራ አስተያየዋለሁ። የአሜሪካው ታሪክ በአውሮጳ ዘመን አቈጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

፩. ተርነር ያለው ነገር

ተርነር በ1861 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ፖርቴጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። በሐምሌ ወር 1893 በሺካጎ ከተማ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በተከፈተበት ወራት፣ በዚያው ለተሰበሰቡት የታሪክ ሊቃውንት ንግግር ሲያደርግ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ንግግሩ ከሌሎች ጽሑፎቹ ጋራ ተሰብስቦ በ1920 በመጽሐፍ ወጣ።

መነሻው የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ነው። የቆጠራው ሹም ባወጣው መግለጫ ሰው በሰፈረበትና ባልሰፈረበት አገር መካከል ከዚያ በፊት በካርታ ላይ ይሰመር የነበረው መስመር ከእንግዲህ ሊሰመር እንደማይችል አስታውቆ ነበር። ተርነር ከዚህ ተነሥቶ የአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተዘጋ አለ። እርሱ እንደሚለው አሜሪካዊውን አሜሪካዊ ያደረገው ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ይዞት የመጣው ሕግና ልማድ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ ምዕራብ እየሸሸ የሚሄደው ባዶ መሬት ነው። ሰውየው ከዚያ መሬት ሲደርስ የአውሮጳ ልብሱንና ማዕርጉን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ጎረቤቱም እንደ እርሱ ባዶ እጁን የመጣ ስለሆነ በመካከላቸው ጌታና ሎሌ የለም፤ ከዚህም እኩልነት፣ በራስ መታመንና ዲሞክራሲ ይወለዳሉ። በከተማ ፋብሪካ የተበደለ ሠራተኛም ወደ ምዕራብ ሄዶ ገበሬ ለመሆን ስለሚችል፣ መሬቱ እንደ ድስት መተንፈሻ ሆኖ የከተማውን ቍጣ ያበርዳል።

ይህ አሳብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለረዥም ጊዜ እንደ ሃይማኖት ተይዞ ኖረ። ተርነርም በ1910 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ አስተማረ።

፪. በአሳቡ ውስጥ ያለው እውነት

የአንድን ሊቅ ጉድለት ከመናገር በፊት የሠራውን መልካም ነገር መናገር ተገቢ ነው። ተርነር የአገሩን ታሪክ ከነገሥታትና ከጦር አለቆች አውርዶ ወደ አራሹ ሰው አመጣው። መሬት ያለው ሰው ደጅ እንደማይጠና፣ ደጅ የማይጠና ሰውም ድምፁን በነፃ እንደሚሰጥ አሳየ። ይህ ነገር በአገራችን ለማንም ግልጽ ነው። ከምርቱ ግማሹን ወይም ሢሶውን ለባለመሬት ሲያስረክብ የኖረ ጭሰኛ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ምን ድምፅ ነበረው?

ለዚህም ሕጋዊ መሠረት ነበረው። በግንቦት 1862 በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን የወጣው የሆምስቴድ ሕግ፣ ለአንድ የቤተሰብ ኀላፊ 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር። ይህም ወደ 65 ሄክታር ሲሆን በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሰፋሪው የሚጠየቀው ለመዝገብ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ፣ አምስት ዓመት በቦታው መቀመጥና መሬቱን ማልማት ብቻ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ከጊዜ ብዛት 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ 270 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት ተቀብለዋል። በዓለም ታሪክ ያን ያህል መሬት ለተራ ሰው የሰጠ መንግሥት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ተርነር እኩልነትን ከመሬት ጋራ ማያያዙ ከባዶ የመጣ አይደለም።

፫. የአሳቡ ጉድለት

ጉድለቱ የሚጀምረው «ባዶ» ከሚለው ቃል ነው። በምዕራቡ ሜዳ ላይ ላኮታ፣ ሻየንና ሌሎችም ብዙ ነገዶች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ነገዶች ጎሽን እየተከተሉ በየወቅቱ ስለሚዘዋወሩ የእርሻ ምልክት በሜዳው ላይ አልነበረም። አሜሪካውያን ግን ሰውየው ዛሬ ከዚህ ቦታ ስለሌለ ቦታው የማንም አይደለም ብለው ፈረዱ። የአሜሪካ መንግሥት በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል ጥቁር ኮረብቶች የተባለውን አገር ለላኮታዎች አጽንቶላቸው ነበር። በ1874 ወርቅ መኖሩ ሲታወቅ ግን ውሉ ፈረሰ። በሜዳው ላይ በብዙ ሚሊዮን ይቈጠር የነበረው ጎሽ ከ1890 በፊት አልቆ የቀረው በመቶ የሚቈጠር ሆነ። በታኅሣሥ 1890 በዉንድድ ኒ በላኮታዎች ላይ እልቂት ደረሰ። እንግዲህ የሕዝብ ቆጠራው መስመሩ ጠፋ ያለበት ዓመትና ይህ እልቂት የደረሰበት ዓመት አንድ ነው፤ በተርነር ንግግር ውስጥ ግን የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው ቦታ አላገኘም።

በዚህ ላይ ተርነር አላወቀም ብሎ ማመኻኘት አይቻልም። ለዶክትሬት ማዕርግ ያቀረበው ጥናት በዊስኮንሲን ከሕንዶች ጋራ ስለተደረገው ንግድ ነበር። ቆዳውን ያመጡት እነማን እንደ ሆኑ፣ መንገዱን የመሩት እነማን እንደ ሆኑ አጥንቶ ጽፏል። ታላቁን አሳቡን ባቀረበ ጊዜ ግን ያጠናቸውን ሰዎች ዘነጋቸው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ይህ የእውቀት ጉድለት ሳይሆን የቃል ጉድለት ነው። «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል አንዴ ከገባ በኋላ ሰዎቹ የሚገቡበት ሥፍራ አልቀረም።

ሁለተኛው ጉድለት ሕጉ የመሬቱን አሰጣጥ ሁሉ የሚያስረዳ መስሎ መታየቱ ነው። ሆምስቴድ በወጣበት በዚያው በ1862 ለባቡር ኩባንያዎች መሬት የሚሰጥ ሕግም ወጣ። የማዕከላዊው መንግሥት ለባቡር ኩባንያዎች የሰጠው መሬት በጠቅላላው ወደ 130 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል። ብዙ ሰፋሪ ከባቡር መንገድ የራቀውን መሬት በነፃ ከመውሰድ ወይም የቀረበውን ከኩባንያው በገንዘብ ከመግዛት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ደግሞም እህሉን ለመላክ ኩባንያው የቈረጠውን ዋጋ ይከፍል ነበር። የገበሬዎች ማኅበራት የባቡርን ዋጋ በመቃወም የተነሡትና በ1892 የፖፑሊስት ፓርቲ የቆመው ከዚህ የተነሣ ነው። በግንቦት 1869 ሁለቱ ሐዲዶች በዩታ ሲገናኙ፣ ከምዕራብ በኩል ተራራውን የሰነጠቁት አብዛኞቹ ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ በ1882 ግን የቻይና ሠራተኛ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ።

ሦስተኛው ጉድለት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ የተነገረው ነው። የአሜሪካ የባቡር መንገድ በ1860 ወደ 49,000 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ1900 ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። (ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የእኛ የቀድሞ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር እንደ ነበር ልብ ይሏል።) ብረቱን ያቀለጠው፣ ከሰሉን የቈፈረው ሠራተኛ ወደ ምዕራብ ለመሄድ በሬ፣ ማረሻ፣ ዘርና የአንድ ዓመት ቀለብ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን ሁሉ የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ጥቂት ነበር። መሬቱ መተንፈሻ ቢሆን ኖሮ በ1886 በሺካጎ ሄይማርኬት፣ በ1894 በፑልማን ያን ያህል ግጭት ባልተነሣ ነበር። በ1892 በፔንሲልቫኒያ በካርኔጊ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞችና በኩባንያው የግል ዘበኞች መካከል ደም የፈሰሰባት ከተማ ስሟ ሆምስቴድ ነው። የመሬት ሕጉም ስም ይኸው ነው። ተርነር የተናገረው ከዚህ ግጭት በኋላ በዓመቱ ነበር።

ይህን ትችት የአሜሪካ ሊቃውንት ራሳቸው አስቀድመው አቅርበውታል። የመተንፈሻውን ነገር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙዎች በቍጥር ተከራክረውበታል፤ ፓትሪሺያ ሊመሪክም በ1987 ባወጣችው መጽሐፍ የምዕራቡ ታሪክ ባዶ አገር የማቅናት ሳይሆን አገር የመያዝ ታሪክ ነው ስትል ተከራክራለች። እኛ ግን የእነርሱን ክርክር ደግመን ከማቅረብ አልፈን በራሳችን አገር የሚሆነውን ልንጨምርበት እንችላለን።

፬. «ማቅናት» በአማርኛ

ተርነር የተጠቀመበትን «ፍሮንቲየር» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ አሰብሁ። «ጠረፍ» ብንለው ወታደሩን ብቻ ያመጣል፤ «ዳር አገር» ብንለው ርቀቱን ብቻ ይናገራል። የነገሩን መንፈስ በትክክል የያዘው «አገር ማቅናት» የሚለው ነው። ቃሉ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። ጫካ መንጥሮ ጠፍ ምድር ያረሰ ሰው አቀና ይባላል፤ በጦር ሄዶ ሌላውን ሕዝብ ያስገበረም አቀና ይባላል። የመጀመሪያው ከአፈር ጋራ የሚደረግ ትግል ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ጋራ። አንድ ቃል ሁለቱን ስለሚሸፍናቸው ተናጋሪው ሁለተኛውን አድርጎ በመጀመሪያው ሊመሰገን ይችላል። ተርነር በእንግሊዝኛ የወደቀበት ጕድጓድ ይኸው ነው።

የእኛ የሸዋ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ከዘመተው ጦር ብዙው የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋና የአካባቢው ሰው ነበር። የሄደበት አገር ግን ባዶ ስላልነበረ፣ ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ የተመደበለት መሬት ብቻ ሳይሆን ገባሩም ጭምር ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ የእኛና የአሜሪካው ማቅናት ይለያያሉ። አሜሪካዊው ሰፋሪ ነባሩን ሰው አስለቅቆ እርሻውን በገዛ እጁ አረሰ። የእኛው ነፍጠኛ ነባሩን ሰው በቦታው አስቀርቶ በገባሩ ጉልበት ኖረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ወታደር በገበሬ ላይ ተተክሎ መኖሩ ገበሬውንም መንግሥቱንም የሚያደኸይ መሆኑን ጽፈው ነበር። ተርነር ከማቅናት እኩልነት ይወለዳል ሲል የእኛ ማቅናት ግን የወለደው ባለጉልትና ገባር ነው። እንግዲህ እኩልነቱን የሚወልደው ማቅናቱ ራሱ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

፭. የአዋሽ ሸለቆ

ይሁንና ከተርነር ምዕራብ ጋራ በይበልጥ የሚመሳሰለው የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ነው። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በላይኛው ሸለቆ ጅሌና ከረዩ ኦሮሞዎች፣ በመካከለኛውና በታችኛው አፋሮች ከብታቸውን ይዘው ይኖሩበታል።

የሸዋ ሰው ይህን አገር ባዶ ብሎ አያውቅም ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ወደ አንኮበር የሚመጣው ነጋዴ በአፋር ምድር ሲያልፍ የባለአገሮቹን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ገበያ ደገኛው ከአፋሩ ጋራ ተገናኝቶ አሞሌ ጨው ይገዛ ነበር። ጨው የሚገዛ ሰው ሻጩን ያያል፤ ሻጩንም ያየ ሰው አገሩን ባዶ ነው ሊል አይችልም።

ነገሩ የተለወጠው በሕግ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ላይ፣ በማንም ስም ያልተያዘ መሬትና የግጦሽ መሬት ሁሉ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ደነገገ። በደጋው ርስት የስም ነገር ነው፤ አባት ለልጅ ያወርሳል፤ ግብር የተከፈለበትም ይጻፋል። በቆላው ግን ግጦሽ የጎሣ እንጂ የአንድ ሰው ስም የለበትም። ስለዚህ በአንድ አንቀጽ፣ ጠመንጃ ሳይተኮስ፣ ሸለቆው «ባዶ» ሆነ። ጥር 1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ውሃውንና መሬቱን የማልማት ሥልጣንም ተሰጠው።

ከዚያ በፊትም ሥራው ተጀምሮ ነበር። አችቬኣ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ያቆመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ጅሌዎች ያን ቦታ ለቀቁ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተፈጽሞ ውሃው ለመስኖ የሚመች ሆነ። በ1950ዎቹ ውስጥ በታችኛው ሸለቆ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ከእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ጋራ ተቋቋመ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በመተሐራ የሸንኮራ እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የከረዩን ግጦሽ ከሁለት ወገን ያዙት። የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ ነገሩን ቀድመው ስለ ተረዱ በወገኖቻቸው ዘንድ የጥጥ እርሻ አስፋፉ። ይህም አፋር እርሻ አያውቅም፣ ልማት አይወድም የሚባለው ከእውነት የራቀ መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ላብራራ። ከሸለቆው ጠቅላላ ስፋት ጋራ ሲመዛዘን በመስኖ የተያዘው መሬት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለአርብቶ አደሩ የቀረለት ብዙ ነው ይባላል። ይህ ስሌት የተሳሳተ ነው። አፋር በዝናብ ወራት ከብቱን ወደ ሩቁ ሜዳ ያወጣል። በጋ ሲሆን ሜዳው ይደርቃል፤ ከብቱም ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል፤ ወንዙ ሞልቶ ያጠጣው ሣር እስከሚቀጥለው ዝናብ ያቈየዋል። እንግዲህ የወንዙ ዳር ከተወሰደ ሩቁ ሜዳ ምንም ቢሰፋ አይጠቅምም፤ በክረምት ያበላው ከብት በጋውን የሚያልፍበት የለውምና። ጥቂቱን መሬት መውሰድ ሁሉን መውሰድ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በደረሰ ጊዜ የአፋር ከብትና ሰው እንደዚያ ያለቀበት አንዱ ምክንያት ዝናብ መጥፋቱ ቢሆን፣ ሌላው በክፉ ቀን ይሸሹበት የነበረው የወንዝ ዳር ጥጥ ተተክሎበት መገኘቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ደገኛ ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልገውም። በደነባ ዙሪያ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ይቋጥራል። ረባዳው ቦታ ስለማይታረስ ሣር ይከለልበታል፤ ክረምት ሲወጣ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ይህ ሜዳ ስለ ምን ሳይታረስ ባዶውን ይቀመጣል ብዬ አያቴን ብጠይቃቸው፣ «ባዶ ነው ያለህ ማነው? በሬው የሚበላው ማሳ ነው፤ ያን ብናርሰው ይህን በምን እናርሰዋለን?» አሉኝ። መሬት ቀያሽ መጥቶ ያልታረሰውን ሁሉ ባዶ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የደነባ እርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ በቆመ ነበር። ለደነባ በሬ የሚገባን ነገር ለአፋር ግመልና ላም የማይገባን ለምንድን ነው?

በአዋሽ የተያዘው መሬት ለትንንሽ ገበሬ አልተከፋፈለም። አንድ ኩባንያ ብዙ ሺህ ሄክታር ይዞ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣ የቀን ሠራተኛ አሠራበት። አሜሪካ ነባሩን ሰው ነቅላ ቢያንስ ለሌላ ድኻ መሬት ሰጠች። በአዋሽ ግን ነባሩ ግጦሹን አጣ፤ የመጣውም ድኻ መሬት አላገኘም። የተርነር መተንፈሻ በእኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ መሬቱ ሠራተኛውን ገበሬ በማድረግ ፈንታ ገበሬውን የቀን ሠራተኛ አደረገው።

፮. «መሬት ላራሹ» እና እረኛው

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ያን ጊዜ የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስከ መጨረሻው አስወግዷል። ነገር ግን ከተርነር የምንጠይቀውን ከወንድሞቻችንም ልንጠይቅ ይገባል። መሬት ለአራሹ ከሆነ የማያርሰው ሰውስ? ቃሉ የተቀረጸው በደጋ ሰው አፍ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር የሌለው ሰው አይታየውም። በዚያ ዘመን አማርኛ እንዲህ ያለው ሰው «ዘላን» ይባል ነበር። ዘላን ማለት የሚዘል፣ አንድ ቦታ የማይረጋ ማለት ነው፤ የማይረጋ ሰው ደግሞ መሬት ሊኖረው አይችልም። ዛሬ «አርብቶ አደር» መባሉ የሥራውን ስም ስለሚሰጠው የተሻለ ነው።

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ግን አዋጁ ራሱ ከሰልፉ ቃል ሰፍቶ መገኘቱ ነው። ከብት አርቢዎች በልማድ በሚጠቀሙበት ግጦሽ ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው ጽፏል። በዚያው ምዕራፍ ግን መንግሥት እነርሱን በእርሻ ሥራ የማስፈር ኀላፊነት እንዳለበት ጨመረበት። ትልልቆቹ እርሻዎችም ለነባሩ ሳይመለሱ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ የወንዙ ዳር አልተመለሰም። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በመተከል በኩል የሰፈሩበት የጣና በለስ አገር የጉሙዝ አገር ነበር። ጉሙዞች መሬቱን አርሰው ለብዙ ዓመት ያሳርፉታል፤ ያረፈው መሬት ግን በሰፈራ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ተቈጠረ። ሰፋሪውም ቢሆን በረኃብ የተመታና ብዙ ጊዜ በግድ የተወሰደ ምስኪን ስለ ነበር ነቀፌታው በእርሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ይህን ከ1948ቱ አንቀጽ 130 ጋራ ጎን ለጎን ማንበብ ለማንም የሕግ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ያም ሆኖ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተንዳሆና በከሰም የተጀመረው የስኳር ልማት ያንኑ ጥያቄ እንደገና አስነሥቷል።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። ተርነር መሬት ያለው ሰው ነፃ ሰው ይሆናል ማለቱ ልክ ነው፤ መሬቱ ከየት መጣ የሚለውን አለመጠየቁ ስሕተት ነው። የአሜሪካ ዲሞክራሲ በምዕራብ የተገኘው መሬቱ ባዶ ስለ ነበረ አይደለም፤ የተወሰደው መሬት በሕግ ለብዙ ትንንሽ ሰዎች ስለ ተከፋፈለ ነው። ያም ቢሆን የሌላውን ሕዝብ ዋጋ ከፍሎ የተገኘ ነው። በ1887 በወጣው የዳውስ ሕግ የጋራ መሬታቸው ለየግል በተከፋፈለ ጊዜ ሕንዶች በእጃቸው የነበረው መሬት ከ138 ሚሊዮን ኤከር በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ወርዷል። እንግዲህ ከአሜሪካ ልንማር የምንችለው ነገር የማከፋፈሉን ጥበብ ነው፤ የመንቀሉን አይደለም።

ጓደኞቻችን ግን በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። የደጋው መሬት ጠቧል፤ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል። እኔ ፋብሪካም ሆነ መስኖ አይሠራ አልልም። በአገራችን በደብረ ብርሃን ከ1950ዎቹ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ በ2011 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ የመጣው ለውጥ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ከተማውና ፋብሪካው የሚሰፋው በገበሬ ማሳና በግጦሽ ላይ ነው። የእርሻው ካሣ በሰብሉ ይሰላል፤ የወል ሣሩ ግን የማንም ስም ስለሌለበት ከስሌቱ በቀላሉ ሊወድቅ ይችላል። የአዋሽ ጥያቄ እንዲህ ሆኖ ወደ ደጋው ይወጣል።

ስለዚህ ለተማሪዎች የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ስለ ልማት ስንጽፍ «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። በዚህ ቦታ በክረምት ማን ይቀመጣል፣ በበጋስ ማን ይመጣል? ይህ ቦታ ቢወሰድ ሌላ የትኛው ቦታ ከጥቅም ውጭ ይሆናል? ቦታው በነባሮቹ ቋንቋ ስሙ ማን ይባላል? ስም የሌለው ሜዳ በአፋርም በደነባም አላየሁም። በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን በመንደራችን ያለውን የወል ግጦሽ ስም፣ ወሰኑንና የሚከለልበትን ወራት ጽፈን ብንመጣ ለዚህ መጽሔት ከብዙ ክርክር የበለጠ ይጠቅማል። እኔም የደነባን ጽፌ ለማቅረብ ከአሁኑ ቃል እገባለሁ።